የክረምቱ ትንበያ ስለ መብረቁና ስለ ቅዝቃዜውም ይንገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በየዓመቱ የግንቦት ወር ሲገባደድ የመጪው ክረምት የአየር ሁኔታ ትንበያ ይፋ ይደረጋል። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የምሥራቅ አፍሪካን አጠቃላይ ገጽታ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የአገራችንን በየአካባቢው ዘርዝሮ ያቀርባል። ጋዜጣችሁ ይህንን ዜና ሳያዘገይ ማውጣቱ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ዜናው «ዝናቡ መደበኛና ከመደበኛ በላይ ይሆናል» ወይም «ከመደበኛ በታች ይሆናል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚዘጋ፣ ከዝናቡ ጋር አብረው የሚመጡት ነጎድጓድ፣ በረዶና የቀን ሙቀት መቀነስ ሳይነገሩ ይቀራሉ። እኔ የምሠራው ከስንዴ አምራቾች ጋር በመሆኑ የዚህ ጉድለት ዋጋ ማሳ ላይ ሲከፈል አያለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቁጥሩ ልናገር። ለወቅት ትንበያ መነሻ የሚሆነው የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ሲሆን፣ መዝገቡ በሦስት እኩል ተከፍሎ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ይባላል። ምንም ተጨማሪ ምልክት በሌለበት ጊዜ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ዕድል 33 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ትንበያው ለአንድ ዞን ለምሳሌ «ከመደበኛ በላይ፣ 45 በመቶ» ሲል፣ ዝናቡ መደበኛ ወይም ከዚያ በታች የመሆኑ ዕድል 55 በመቶ መሆኑን በዚያው አፍ እየተናገረ ነው። ዜናው ግን ቁጥሩን አስቀርቶ ቃሉን ብቻ ስለሚያትም፣ ባለሙያው በዕድል ልክ የተናገረው ነገር ገበሬው ጆሮ ሲደርስ ቃል ኪዳን ሆኖ ይገኛል። ክረምቱ ቃሉን ሳይጠብቅ ሲቀር የሚወቀሰው ደግሞ ያው ባለሙያ ነው።

የወቅቱ ድምር ስለ አንድ ቀን ዝናብ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በአንድ ሌሊት ሲሆን፣ የደቻቱን ወንዝ የሞላው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የወረደው ዝናብ ነበር። ድርቅ በተተነበየበት ክረምትም ቢሆን ነጎድጓዳማ ደመና መነሣቱ አይቀርም። የማለዳው ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ እርጥበት ያዘለው አየር የተራራውን ጎን ይዞ ይወጣል፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ይከመርና መብረቅና በረዶ ይዞ ይወርዳል። ይህ ሰዓት እረኞች ከብት ይዘው ሜዳ ላይ የሚገኙበት፣ አራሚዎችም ገና ከማሳ ያልወጡበት ሰዓት ነው። ሰው ዝናቡን ሽሽት ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር ሲጠለል፣ መብረቅ ለመሳብ እጅግ ምቹ የሆነውን ቦታ መረጠ ማለት ነው። ብልጭታው ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው ጊዜ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ከ30 ሰከንድ ያነሰ ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ይገኛልና ወደ ቤት መግባት ያስፈልጋል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ መውጣት አይገባም። ይህን ያህል ማስታወቂያ ከትንበያው ዜና ግርጌ ቢታተም የሚወስደው ቦታ አንድ ጣት አይሞላም።

ስለ ቅዝቃዜው የሚነገረው ደግሞ ከመብረቁም ያንሳል። በአዲስ አበባ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በመጋቢት ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ በሐምሌና በነሐሴ ወደ 20 እና 21 ዝቅ ይላል። ሌሊቱ ግን ደመና ስለሚሸፍነው ከኅዳርና ከታኅሣሥ ሌሊቶች ይልቅ ይሞቃል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ይመስለዋል። ይህ የሙቀት ልዩነት ለከተማ ሰው ካፖርት የማውጣት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለስንዴ ግን የሕልውና ጉዳይ ነው። ቢጫ ዋግ የተባለው፣ በፈንገስ የሚመጣው የስንዴ በሽታ የሚስፋፋው ቅዝቃዜና እርጥበት በተገናኙበት፣ በተለይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በ2002 ዓ.ም. ዝናቡ የተራዘመና አየሩ የቀዘቀዘ ስለነበር፣ እስከ 2003 መኸር ድረስ የዘለቀው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ነካ፤ በጊዜው በስፋት ይዘሩ የነበሩት የስንዴ ዝርያዎች፣ ኩብሳና ገለማም ሊቋቋሙት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ቢጫ ዋግን ይችላል ወደተባለው ዲጋሉ ወደሚሉት ዝርያ ዞሩ፤ እርሱም በ2006 ዓ.ም. ሞቅ ያለ አየር በሚወደው ሌላ የዋግ ዓይነት፣ በግንድ ዋግ ተመታ። እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴ ከወትሮው ይቀዘቅዛሉ ወይስ ይሞቃሉ የሚለው መረጃ፣ የትኛውን ዋግ ቀድመን እንደምንጠብቅና ፀረ ፈንገስ መድኃኒት መቼ እንደምናዘጋጅ የሚወስን ነው። ዝናቡ «ጥሩ ነው» በተባለበት ዓመት ዋልካ መሬት ላይ ውሃ ተኝቶ ሰብሉን ቢጫ ሲያደርገውም ያየን ሰዎች፣ ከመደበኛ በላይ የሚለው ቃል ብቻውን የምሥራች ሆኖ ሲታተም ግር ይለናል።

አንድ ርዕስ ለመላው አገሪቱ መሥራቱም ያሳስባል። የክረምት ዝናብ የሰሜኑ፣ የመካከለኛውና የምዕራቡ ክፍል ነው፤ በቦረና ያው ጊዜ አዶሌሳ የሚባለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት ነው፣ አርብቶ አደሩም የሚጠብቀው የመስከረምና የጥቅምቱን ዝናብ ነው። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ መስተካከል ይገባዋል። ሚቲዎሮሎጂው ክረምት የሚለው ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ያለውን ጊዜ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን አባባል አምኖ ከነሐሴ 13 በኋላ የጎርፍ ቦዩን የሚተው ሰው ዛሬም አለ፤ ዝናቡ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የክረምቱ ትንበያ ሲወጣ ከነመቶኛው፣ ከነካርታውና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኖቹ ይታተም፤ ስለ ሙቀቱ የሚለውም ከዝናቡ ሳይነጠል ይቅረብ። ኢንስቲትዩቱ በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ ከሰኔ እስከ መስከረም በቋሚ ዓምድ ይውጣ፤ ለገበሬው ከአራት ወሩ ድምር ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነውና። ጋዜጣው በማይደርስባቸው ቀበሌዎች የግብርና ጣቢያ ሠራተኞች ዓምዱን በሞባይል ፎቶ አንሥተው ለየመንደሩ ማዳረስ ይችላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ ከአርሲ