ገዳዩን ለምን ነገራችሁን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የመጻሕፍት ገጹን ነው። የዛሬውን ደብዳቤ ያጻፈኝም ይኸው ገጽ ነው።

ባለፈው እትም ስለ አንድ የስላሸር ልብ ወለድ ዳሰሳ አውጥታችኋል፤ ስላሸር ማለት ገዳይ ሰዎችን ተራ በተራ የሚጨርስበት የሆረር፣ ማለትም የአስፈሪ ታሪክ፣ ዓይነት ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነዋሪዎቹን አንድ በአንድ ስለሚገድልበት መጽሐፍ ነው። ዳሳሹ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ገዳዩ ማን እንደሆነ ጻፈው። ስሙን፣ ሥራውን፣ ለምን እንደሚገድል ሳይቀር። አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር እንኳን አላስቀደመም።

እኔ ያን ጊዜ ገጽ 30 አካባቢ ነበርኩ። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ከምር ነው የምላችሁ፣ የሆነ ሰው የእኔ የሆነውን ነገር ወስዶብኝ የሄደ ነው የመሰለኝ።

ዳሳሹ መጽሐፉን አልወደደውም። መብቱ ነው። «ደም ብቻ ነው» ብሏል፤ በዚህም አልስማማም፣ ግን ሐሳቡ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የስላሸር ልብ ወለድ፣ በተለይ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ፣ አንባቢውን የሚይዘው በምን እንደሆነ የገባው አልመሰለኝም።

ትልቅ ከተማ ውስጥ ገዳይ ማንም ሊሆን ይችላል። ስሙን የማታውቁት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን ሁሉም ይተዋወቃል። ገዳዩ ጠዋት ሰላም ያላችሁ ሰው ነው። የሟቹን ቀብር ይወጣል፣ እናቱን አቅፎ ያጽናናል፣ ከዚያ ማታ በየቤቱ እየዞረ በር በደንብ ዝጉ ብሎ ከሚመክሩት ሰዎች አንዱ ሆኖ ይገኛል። አንባቢው ከምዕራፍ ምዕራፍ እየተሸጋገረ ሁሉንም ይጠረጥራል፤ መምህሩን፣ ፖሊሱን፣ ፖስተኛውን፣ ደግ የሚመስለውን ሁሉ። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ጥርጣሬ ውስጥ ነው። ቢላው የሚመጣው በኋላ ነው።

አንድ ቦታ ልጥቀስላችሁ፤ ታሪኩን የሚያበላሽ አይደለም። ገና መጀመሪያው አካባቢ አንዲት ተማሪ ዝናብ ይይዛታል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሱቁን ዘግቶ ሲወጣ ያገኛትና ልሸኝሽ ይላታል። አብረው ይሄዳሉ። ጃንጥላውን ወደ እሷ ያጋድለዋል፤ የእሱ ግራ ትከሻ ይበሰብሳል። ስለ እናቷ ጤና ይጠይቃታል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብሎ ጫማውን ያስራል፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ወንዙን ታያለች። አራት ገጽ ሙሉ ይህ ብቻ ነው። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ምንም የማያውቅ አንባቢ ግን እነዚህን አራት ገጾች ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያነባቸው፤ ምክንያቱም ሰውዬው ደግ ይሁን ወይም ሌላ ነገር ሊያውቅ አይችልም። እኔ መልሱን ይዤ ነው የገባሁት። ዓይኔ አነበበው እንጂ ልቤ አልነበረም።

ፊልም ቢሆን ሙዚቃ አለው፣ ድንገት የሚያስደነግጥ ድምፅ አለው፣ ጨለማው ራሱ ይረዳዋል። ደራሲ ከቃላት በቀር ምንም የለውም። እንደዚያም ሆኖ የስላሸር አንባቢ ብዙውን ነገር አስቀድሞ ያውቀዋል። ጭምብል እንደሚኖር፣ ሰው በሰው ላይ እንደሚሞት፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ልትተርፍ እንደምትችል ያውቃል። የፊልም ተመራማሪዋ ካሮል ክሎቨር ይቺን ተራፊ እ.ኤ.አ. በ1987 «ፋይናል ገርል» (የመጨረሻዋ ልጅ) ብላ ስም ያወጣችላት ነገሩ በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከታወቀ ለደራሲው የቀረችው አንዲት ምስጢር ናት። እሷን ነው የወሰዳችሁበት።

ምስጢር መጠበቅ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ካለ የፊልም ዳይሬክተሩን አልፍሬድ ሂችኮክን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ አስከልክሏል። ተመልካቹም ያየውን መጨረሻ ላላየው እንዳይናገር ይለመን ነበር። የወንጀል ታሪክ ደራሲዋ የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» ቴአትርም አለ። ለንደን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ሁልጊዜ ቴአትሩ ሲያልቅ ተዋናዮቹ ታዳሚውን ገዳዩን ለማንም አትንገሩ ይሉታል። በአሥርት ዓመታት ውስጥ ያየው ሰው ስንት እንደሆነ አስቡት፤ ሆኖም ዛሬም ሳያውቅ ገብቶ የሚደነግጥ አለ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው አፉን የያዘው ከኋላው ለሚመጣው አስቦ ነው።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ገዳዩን ከመጀመሪያው የሚያሳዩ ስላሸሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ሃሎዊን» የተባለው ፊልም ገዳዩን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ሳለ በመክፈቻው ላይ ያሳየናል። ቦታውም ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ የሚያስፈራው ማን ነው የሚለው ሳይሆን መቼ፣ ከየትኛው በር ነው የሚለው ነው። ግን እሱን የወሰነው የፊልሙ ሠሪ ነው። የእኛ መጽሐፍ ደራሲ ደግሞ እስከ መጨረሻዎቹ ገጾች ድረስ ልደብቀው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው የእሱ ነው። ዳሳሹ ያንን የመሻር ሥልጣን ከየት አመጣ?

«ደም ብቻ» ስለተባለውም ትንሽ ልበል። እኔ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ተቃጥዬም ቢሆን። መጽሐፉ ውስጥ ከግድያው በላይ የከበደኝ የከተማዋ ዝምታ ነው። ከዓመታት በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። ሽማግሌዎቹ ወሬው ወደዚያ ሲሄድ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ መንገዱ ጥገና ማውራት ይጀምራሉ። ይህን ያየ ሰው ደም ብቻ ነው ማለቱ ይገርመኛል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ስለ ሆረር ልብ ወለድ መጻፋችሁን አታቁሙ፤ እንዲያውም ጨምሩ፣ ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ቦታ የሚሰጥ ገጽ ብዙ አይደለም። ታሪኩን ስትተርኩ ግን መጀመሪያው አካባቢ አቁሙ። ከዚያ ማለፍ የግድ ከሆነ ከላይ አንድ መስመር አስቀምጡ፤ ያላነበበ ሰው ገጹን እንዲያልፈው። ርዕሱ ላይ ደግሞ በጭራሽ አታውጡት፤ ርዕስ ዓይን ሳይፈልግም ያነበዋል።

መጽሐፉን አሁን ለእህቴ ሰጥቻታለሁ። ጋዜጣችሁን ደብቄባታለሁ። ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ ደውላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ፖስተኛው ነው አይደል?» አለችኝ። «አንብቢ» ብያት ስልኩን ዘጋሁት።

የዘወትር አንባቢያችሁ