ለድሬዳዋው አብሮ አደጌ፦ ስለ ጂጂ-1 ሎኮሞቲቮች

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ግን አልለቀቀኝም። ስልኩም አድራሻውም ተቀያይሮ ዓመታት በመካከላችን አለፉ። አሁን ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። የዚህን ሁሉ ዘመን ወሬ በአንድ ደብዳቤ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ካንተ በቀር ለማን እንደማወራው ያላወቅሁትን አንድ ነገር ላስቀድም፤ ጂጂ-1 ስለሚባሉት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነህና ነገሬ ይገባሃል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

አሜሪካ ውስጥ የነበረው የፔንሲልቫኒያ ባቡር ኩባንያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከኒው ዮርክ እስከ ዋሽንግተን ያለውን መስመሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሲያዞር፣ ከሐዲዱ በላይ የዘረጋው ሽቦ 11,000 ቮልት ይሸከም ነበር። በእናንተ በኩል የሚያልፈው አዲሱ የጅቡቲ መስመር 25,000 ቮልት መሆኑን ታውቃለህ። ሽቦው ሲደርስ ሎኮሞቲቩ አልደረሰም። መጀመሪያ የተሠሩት ፒ5ኤ የሚባሉት ሎኮሞቲቮች በፍጥነት ሲሄዱ ይወዛወዛሉ፣ መንኮራኩሮቹን የሚያያይዘው ዘንግ፣ አክስላቸው፣ ይሰነጠቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ነጂው የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ሎኮሞቲቩ ሣጥን መሳይ ስለሆነ ነጂው ከፊት ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ግጭት ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ሐዲድ ከሚያቋርጥ የጭነት መኪና ጋር በደረሰ ግጭት ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ ኩባንያው የነጂውን ክፍል ወደ መሃል እንዲያፈገፍግ ወሰነ። ከፊቱም ከኋላውም ረጅም አፍንጫ ተበጀለት። ነጂዎች ሌላም ቅሬታ ነበራቸው፤ ከእግራቸው ሥር የሚሮጡትን የሐዲድ እንጨቶች ሲያዩ መዋል ዓይናቸውን ያፈዝዘው ነበር። አፍንጫው ይህንንም ጋረደላቸው። ከፒ5ኤ በኋላ የመጣው ጂጂ-1ም ይህንኑ ቅርጽ ይዞ ተሠራ።

ይህን አስረዝሜ የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም። ጂጂ-1ን የሚያደንቅ ሰው ሁሉ ሬይመንድ ሎዊ የሚባለውን ስመ ጥር ንድፍ አውጪ ያነሳል። ሎዊ ሥራውን ለኩባንያው የጀመረው ለኒው ዮርክ ጣቢያ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በመንደፍ ነው፤ ችሎታውንም አልክድም። ነገር ግን ያንን መሃሉ ከፍ ብሎ ሁለት ጎኑ የሚሾል ቁመና ያመጣው የነጂው ደኅንነት ነው። ቅርጹን ያወጣለትም ከሎዊ በፊት ዌስቲንግሃውስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ኩባንያ ንድፍ አውጪ ዶናልድ ዶነር ነበር። ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

የሎዊ ድርሻ ምን እንደሆነ በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ስትራስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የባቡር ሙዚየም አለ። በ1934 የተሠራችው ናሙና፣ 4800 ቁጥር፣ እዚያ ትገኛለች። ላሜራዋ በሪቬት፣ ማለት ራሱ በሚያብጥ የብረት ምስማር፣ የተያያዘ ነው፤ እጅህን ብታሳርፍበት የሪቬቱ ራስ በረድፍ በረድፍ መዳፍህን ይቆረቁርሃል። ሎዊ ይህንን አይቶ «ሪቬቱን ትታችሁ በብየዳ ሥሩት» አላቸው። በዚያው ሙዚየም ያለችው 4935 በዚህ ምክር የተሠራች ናት። ከአፍንጫ እስከ አፍንጫ አንድም እብጠት የላትም። ጥቁር ሊባል የሚችል አረንጓዴ ተቀብታ፣ አምስት ቀጫጭን የወርቅ መስመሮች ጎንዋን ይዘው ሄደው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱን ካየህ በኋላ የማን ሥራ የቱ ጋ እንደሚጀምር ማንም ሊነግርህ አያስፈልግም።

ከቀለሙ በታች ያለው ደግሞ የአባትህን ዓይን የሚይዝ ነበር። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 215 ቶን ገደማ ነው። ሻሲው መሃል ላይ በማጠፊያ የተያያዘ ሁለት ክፍል ስለሆነ በኩርባ ላይ ሐዲዱን አይታገልም። ይህን ዘዴ ያገኙት ኒው ሄቨን ከሚባለው ጎረቤት ኩባንያ አንድ ሎኮሞቲቭ ተውሰው ከፈተኑ በኋላ ነው። ስድስቱን አክስሎች የሚያዞሩ 12 ሞተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ 385 የፈረስ ጉልበት፣ በድምሩ 4,620። ሞተሮቹ አክስሉ ላይ አልተጫኑም፤ ሻሲው ላይ ታስረው ኃይሉን ለመንኮራኩሩ የሚያስተላልፉት በስፕሪንግ በኩል ነው። በዚህ የተነሳ ሐዲዱ ላይ የሚያርፈው ምት ቀላል ነው። ከ1934 እስከ 1943 ድረስ 139 ተሠሩ።

አሁን 4876 ቁጥር ስለምትባለው ጂጂ-1 ልንገርህ። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍሬን በእጃቸው ሳይፈትሹ ባቡር አያስነሱም ነበር። ጥር 15 ቀን 1953 ጠዋት ከቦስተን ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ባለ 16 ፉርጎ የመንገደኞች ባቡር ዋሽንግተን ሊገባ ሲል ነጂው ፍሬን ያዘ፤ ባቡሩ ግን እምቢ አለው። በሦስተኛው ፉርጎ ጫፍ ያለው፣ ለፍሬኑ አየር የሚያደርሰው ቧንቧ መዝጊያ፣ እጀታው ከፉርጎው አካል ጋር እየተነካካ በጉዞ ላይ ተዘግቶ ኖሯል። ፍሬኑ የሠራው ለሎኮሞቲቩና ለፊተኞቹ ሦስት ፉርጎዎች ብቻ ነው፤ የቀሩት 13ቱ ከኋላ ይገፋሉ። ነጂው ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ፤ ከምልክት ማማው ያለው ሠራተኛም ለጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ስልክ ደወለ፤ ሰዎቹ ሮጠው ወጡ። 4876 የሐዲዱን ማብቂያ ጥሳ፣ ቢሮውን አፍርሳ፣ የጋዜጣ መሸጫውን ጠራርጋ አዳራሹ ውስጥ ገባች። ወለሉ 215 ቶን መሸከም አልቻለምና ተደረመሰ፤ እሷም ከታች ወዳለው የዕቃ ክፍል ወረደች። ከ40 በላይ ሰው ቆሰለ፤ የሞተ ግን የለም። ይህ ለእኔ እስከ ዛሬ ተአምር ነው።

የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዓለ ሲመት አምስት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለነበር ጉድጓዱን በጊዜያዊ ወለል ሸፈኑት፤ እንግዳው ሁሉ በላይዋ ተመላለሰ። ከዚያ በኋላ ቆራርጠው አወጧትና አልቱና ወደሚባለው የኩባንያው የጥገና ሥፍራ ላኳት። እዚያ ያሉ ሠራተኞች መልሰው ገጣጠሟት፤ ቆማ ሄደች፤ 30 ዓመት ገደማም አገለገለች። በዚህ ታሪክ ከማንም በላይ የማከብረው እነዚያን የአልቱና ሠራተኞች ነው።

የቀረው አጭር ነው። በየካቲት 1958 እንደ ዱቄት የላመ በረዶ በአየር ማስገቢያው ገብቶ ብዙዎቹን ሞተራቸውን አበላሸው፤ ከዚያ ወዲህ በአንዳንዶቹ ላይ ማስገቢያው ወደ ላይ ከፍ እንዲል ተደረገ። የአሜሪካውን ሴናተር የሮበርት ኬኔዲን አስከሬን በሰኔ 1968 ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን የወሰዱትም ሁለት ጂጂ-1ዎች ናቸው። በኋላ ሻሲያቸው እየተሰነጠቀ መጣ። ከስዊድን ንድፍ የተወሰደው ኤኢኤም-7 የሚባለው አዲስ ሎኮሞቲቭ ክብደቱ የጂጂ-1ን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ 7,000 የፈረስ ጉልበት ይዞ ደረሰ። የመጨረሻዎቹ በኒው ጀርሲ ጥቅምት 29 ቀን 1983 ሥራ አቆሙ። ዛሬ 16 ቀርተዋል፤ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ግን የለም። ትራንስፎርመራቸው መርዛማ ዘይት ይዞ ስለነበር ከአብዛኞቹ ተነቅሏል። አንዲቱ እንኳ ሽቦ ሥር ቆማ ድምፅዋን ሳታሰማኝ መቅረቷ ከልቤ ይቆጨኛል።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር አለ። አባትህ ስለ ድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች የሚያወሩትን ታስታውሳለህ፤ የትኛው በየትኛው ዳገት እንደሚያስቸግር፣ ማን ምን አድርጎ እንደጠገነው። አብረዋቸው የሠሩ አረጋውያን እዚያው ከተማ ካሉ ሄደህ ጠይቃቸው፤ ስማቸውንና የሠሩትን ሥራ ጻፍልኝ። ዶነርን ከብዙ ዘመን በኋላ ያስታወሱት ወረቀት ስለተገኘ ነው፤ የእኛዎቹ ወረቀት እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ። እኔም በኮምፒውተር እየጻፍኩ አስቀምጠዋለሁ።

ለእናትህ እግራቸውን ስሜያለሁ በልልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ። ደብዳቤውን ያመጣልህ ሰው ከበዓሉ በኋላ ስለሚመለስ መልሱን በእሱ እጅ ላክልኝ፤ አዲሱን ስልክ ቁጥርህንም ጨምርበት።

አብሮ አደግ ወንድምህ