ሰኞ ጠዋት ሆዷን ስለሚያማት ልጅህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፣ የአዌቱ ወንዝም ወደ ልኩ ተመልሷል። በስልክ መንገሩን የተውኩት ቶሎ ስለምትቆጣ፣ ልጅቷም ከጎንህ ሆና ስለምትሰማ ነው። ደብዳቤ ደግሞ መሐል ላይ አታቋርጠውም።

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዷን እንደሚያማት፣ ሰገራዋ ተመርምሮ የጃርዲያ መድኃኒት ብትወስድም እንዳልተሻላት ነገርከኝ። ቀጥለህም «ሰነፍ ሆናለች፣ ሰበብ ነው» አልክ። እስቲ ልጠይቅህ፤ ቅዳሜ ጠዋት ያማታል? እኔ ዘንድ በከረመችበት ጊዜ ሆዷን የያዘችው ወደ አዲስ አበባ የምትመለስበት ቀን ሲቃረብ ብቻ ነው። ጃርዲያ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት የለውም።

ሕመሙ ግን የእውነት ነው። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነቱ ይሠራጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከጨጓራና ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል። ከጅብ ለማምለጥ የተሰጠን ኃይል እሷ ላይ የሚነሣው መምህሯ ስሟን ጠርታ «ተነሺና አንብቢ» ስትላት ነው።

ሐምሌ ላይ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወስጄአት ነበር። አንተን አላስፈቀድኩም፤ ብጠይቅህ «ልጄ እብድ አይደለችም» ትለኝ ነበርና። ይቅርታም አልጠይቅበትም። እብድ ናት ያለ ሰው የለም፤ ጭንቀት ነው ያሉት። በፈረንጆች 2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመም እንደነበረበት የዓለም ጤና ድርጅት ጽፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ 58 ሚሊዮኑ ልጆችና ታዳጊዎች ናቸው። ያን ሁሉ ልጅ ሰነፍ ልትለው ነው?

አሁን ዋናውን ስማኝ። ከቤት ባስቀረሃት ቀን ሆዷ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይተዋታል። እሷም ታርፋለች፣ አንተም ታርፋለህ። ነገር ግን «ያዳነኝ መቅረቴ ነው» የሚለውን የምትማረው በዚያች ዕረፍት ነው፤ በማግሥቱ ፍርሃቱ ጠንክሮ ይጠብቃታል። እየጎተትክና እየጮህክባት ስትወስዳት ደግሞ ትምህርት ቤቱን ብቻ ሳይሆን አንተንም ትፈራለች። ባለፈው ወር ሁለቱንም አፈራርቀህ ሠርተሃል፤ ሰኞ ቁጣ፣ ማክሰኞ «በቃ ዛሬ ትቅር»። እንኳን ልጅ፣ አዋቂስ ምኑን ይይዘዋል?

የቡና ችግኝ እንዴት እንደምናሳድግ ታውቃለህ። ጥላውን በአንድ ቀን የሚገፍ ገበሬ የለም፤ ተከላው ሲቃረብ ቀስ በቀስ እያሳሳ ፀሐይ ያለማምደዋል። እኔም ከዚያ የተለየ ነገር አላደረግኩም። ስትመጣ ከሱቅ ዳቦ መግዛት ቀርቶ ባለሱቁን ቀና ብላ ማየት አትችልም ነበር። መጀመሪያ እጄን ይዛ ሰላም አለችው። ቀጥሎ ብሩን ራሷ ሰጠች። ከዚያ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ እሷ ገዛች። አንድ ቀን ባለሱቁ አልሰማትም፤ እንባዋ መጣ፣ ዞራም አየችኝ። አልተናገርኩላትም፣ ጥዬአትም አልሄድኩም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሄርማታ ሐሙስ ገበያ ይዣት ሄጄ በሎሚ ዋጋ ስትከራከር ሰማኋት። ከዋጋው በላይ ከፍላ ተመለሰች፤ እኔ ግን ምን ቸገረኝ!

መምህሯን አነጋግራት። መጀመሪያ በዕረፍት ሰዓት ለመምህሯ ብቻ ታንብብ፣ ቀጥሎ አንዲት ጓደኛዋ ባለችበት፣ ከዚያ በመቀመጫዋ ሆና ለክፍሉ። አንዱ ሳይቀላት ወደ ሌላው አትዝለሉ። ግማሽ ቀንም ቢሆን በየቀኑ ትሂድ። በር ላይ ስንብታችሁ አጭር ይሁን፤ ዞር ስትል ሹልክ ብለህ መሄድ ግን የለም።

ማታ «ብሳሳትስ? ቢስቁብኝስ?» ስትልህ «ምንም አይፈጠርም» እያልክ እስክትተኛ መመለሱን ተው። ልጆች ሊስቁ ይችላሉ፤ ይህን እሷም ታውቃለች። አንድ ጊዜ በእውነት መልስላት፣ ከዚያ «ቢስቁብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለህ ጠይቃት። የምትሰጥህ መልስ ያስገርምሃል። ከአጎቷ ልጆች ጋርም አታወዳድራት። ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ከማስገባት ይልቅ አስረዝሞ ማስወጣት ልብን ያረጋጋል፤ የምትለማመደው ግን ተረጋግታ ሳለ፣ ከመኝታ በፊት ነው።

አንተም በልጅነትህ መብራት ሳይበራ አትተኛም ነበር። ይህ ጠባይ በዘር የመውረድ ነገር አለው። ልጆች የወላጅን ፊት እያዩም ይፈራሉ፤ በትምህርት ሰዓት ደጋግመህ እየደወልክ «ደህና ናት?» የምትለውን እሷም ሰምታለች።

ጎረቤቶቻችን ዓይን በልቷት ነው ይላሉ። ዱዓ አደርግላታለሁ፣ አላቋርጥም፤ ሐኪም ማየት ከዱዓ ጋር አይጣላም። እዚያም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ውሰዳት። ለእንዲህ ያለው የልጆች ጭንቀት የመጀመሪያው ሕክምና ወላጅ ያለበት፣ በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ መድኃኒት የሚታሰበው ሲጠና ነው፣ እሱንም ሐኪም ያዝዛል እንጂ የሰው ምክር ሰምቶ ከፋርማሲ ማረጋጊያ መግዛት አይገባም። እንቅልፍና ምግብ እየተዋት ከሄደ ቀጠሮ አታራዝም። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ደግሞ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ነው፤ ልጅ ናት ብለህ አትለፈው።

ለእህትህ ልጅም አንድ ነገር ንገርልኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014ቱ ወዲህ ብዙዎች ከቤት ርቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚፈተኑት ሆኗል፤ ያ ብቻውን ለልጅ ከባድ ነው። እሱ በዚያ ላይ በቡናና በጫት እያደረ ያነባል አሉ። ሁለቱም ልብን ያስሮጣሉ፣ እንቅልፍም ይነሣሉ፤ የጨነቀው ሰው የሚያጣው ደግሞ እሱኑ እንቅልፍ ነው።

ከጅማ ቡና ነግጄ ያሳደግኩህ እናትህ ይህን ማለቷ ይገርምህ ይሆናል። አምስት ኪሎ በሚመጣው ሰው ልኬአለሁ፤ ለአንተና ለባለቤትህ ነው። ለልጅቷ በረካውንም ቢሆን እንዳታቀምሷት።

እናትህ