ሰባት ቤት ስቆጥር ትዝ አልሽኝ

ሰላም ነሽ እህቴ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? አባባ ካረፉ ወዲህ አንዴ ደውዬ ከዛ ጭጭ ማለቴን አውቃለሁ፣ መጀመሪያ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ፣ ከዛ ደሞ ቀኑ በገፋ ቁጥር እያፈርኩ መጣሁ። ይቅር በይኝ። ዛሬ እንድጽፍልሽ ያረገኝ ባለፈው ቅዳሜ ጎታ መሄዴ ነው፣ እዚህ ጀርመን ቱሪንጊያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ ፍሪደንሽታይን የሚባለው ቤተመንግስት ግቢ ቆሜ አባባ ማታ ማታ ሰባት ቤት ሲያስቆጥሩን ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ።

አባ ጎርጎርዮስን ታስታውሻቸዋለሽ አይደል፣ ጀርመናዊውን ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩትን የኛን አገር ቄስ? በፈረንጅ 1652 ወደዚህ ቤተመንግስት በእንግድነት ያስመጣቸው መስፍኑ ኤርንስት ነው። ይሄ ሰውዬ 1675 ሲሞት ሰባት ወንዶች ልጆች ተወ፣ አብራችሁ ግዙ ብሏቸው ነበር ግን አልሆነም፣ በ1680 ግዛቱን ልክ እንደ አባት እርሻ ለሰባት ቆራረጡት፣ ጎታ፣ ኮቡርግ፣ ማይኒንገን፣ ሮምሂልድ፣ አይዘንበርግ፣ ሂልድቡርግሃውዘን፣ ዛልፌልድ። ከዛማ አንዱ ወራሽ ሳይተካ በሞተ ቁጥር በድርሻው ጭቅጭቅ ነው። የበኩሩ የጎታ ዘር ራሱ 1825 ላይ ወንድ አጥቶ ተቋረጠ፣ በሚቀጥለው አመት ጎታን የወሰደው የማን ዘር መሰለሽ፣ የትንሽየው፣ የዛልፌልዱ የዮሃን ኤርንስት!

እዛው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አባባ እንዳስተማሩን በጣቴ ቆጠርኩ። ኤርንስት፣ ዮሃን ኤርንስት፣ ፍራንዝ ዮሲያስ፣ ኤርንስት ፍሪድሪሽ፣ ፍራንዝ፣ የፍራንዝ ልጅ ቪክቶሪያ፣ ከዛ የሷ ልጅ የእንግሊዟ ንግስት ቪክቶሪያ። ልክ ሰባት። አባ ጎርጎርዮስን ያስተናገደው ሰውዬ ሰባተኛ ቤት ማለት 1868 ላይ የቴዎድሮስ ልጅ አለማየሁ በ7 አመቱ ከመቅደላ ተወስዶ የቀረበላት ሴትዮ ናት። ይሄን ሳስብ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር መስራት አቃተኝ። (ባሏ አልበርት ደሞ የገዛ አጎቷ ልጅ ነው፣ በኛ ቤት የማይታሰብ።)

ወራሽ ማጣት አሁንም አልለቀቃቸውም። 1893 ኮቡርግና ጎታን ይገዛ የነበረው የአልበርት ወንድም ኤርንስት 2ኛ ህጋዊ ልጅ ሳይኖረው ሞተ፣ የቪክቶሪያ ልጅ አልፍሬድ ከእንግሊዝ ሄዶ ወረሰ፣ የሱም አንድ ወንድ ልጁ 1899 ሞተበት፣ በአመቱ እራሱ ተከተለ። ዙፋኑ የደረሰው እንግሊዝ ኢተን ትምህርት ቤት ይማር ለነበረው ለቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ለቻርልስ ኤድዋርድ ነው፣ ሲወርስ ገና 16 አመቱ፣ አባቱን ሳያይ የተወለደ ልጅ። ካርል ኤድዋርድ ብለው ጀርመን አረጉት፣ አንደኛው የአለም ጦርነት ሲመጣ ከትውልድ አገሩ ተቃራኒ ቆመ፣ 1918 ዙፋኑን ለቀቀ፣ በሚቀጥለው አመት እንግሊዞች ማዕረጉን ገፈፉት። ኋላ ናዚ ሆነ፣ ለዛ አላዝንለትም። ለልጅየው ግን አዝናለሁ፣ አለማየሁን ካሰብኩ በኋላ እንዴት አላዝንም፣ እሱስ 18 አመቱ ላይ በሰው አገር ሞቶ እስከዛሬ እንግሊዝ ዊንድዘር ነው የተቀበረው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የራሴን ስቆጥር አምስተኛው ላይ ጠፋብኝ፣ እንደ እህትሽ ሆኜ ከናንተ ጋር ብቆጥርም ያባባን ደግሞ ከአራተኛው በላይ ረሳሁት። የሳቸውን እስከ ሰባት ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ወይ ድምጽሽን ቅረጪልኝ፣ እሱ ይሻለኛል።