ቫይታሚን ዲ የማያድነው ሪኬትስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሪኬትስ (የልጆች አጥንት መላላትና መጣመም) ባወጣችሁት ጽሑፍ ሕፃናትን ፀሐይ ስለ ማሞቅና ስለ ቫይታሚን ዲ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ አብዛኛው ልጅ በዚያ ይድናል። የተዘለለው ግን ቫይታሚን ዲ በአግባቡ ወስዶ እስከ 3 ወር ለውጥ ያላሳየው ልጅ ነው። የዚህ ልጅ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ሽንቱ ይመርመር።

መታሰብ ካለባቸው በሽታዎች አንዱ ሲስቲኖሲስ ነው፤ ከ100,000 እስከ 200,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በሕዋሳችን ውስጥ ያረጀ ፕሮቲን የሚፈጭበት ላይሶዞም የሚባል ከረጢት አለ። ከፍጭቱ የተረፈው ሲስቲን የተባለ የፕሮቲን ቁራጭ የሚወጣው በከረጢቱ ሽፋን ላይ ባለው ሲስቲኖሲን በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረመል የወረሰ ልጅ ይህ በር ይዘጋበታል። ሲስቲን ደግሞ በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ እዚያው ተጠራቅሞ ክሪስታል ይሠራል።

ልጁ ሲወለድ ደህና ነው። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ኩላሊቱ ፎስፌት፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔትና ስኳር በሽንት ማፍሰስ ይጀምራል። እግሩ የሚጣመመው ፎስፌቱ ስለሚፈስ ነው፤ ፀሐይ ቢሞቅ አይቃናም። ሲያስመልሰው የሰውነት ፈሳሽ እጥረት (ድርቀት) ተብሎ ይታከማል፤ ነገር ግን ፈሳሽ ያነሰው ልጅ ሽንቱ ይቀንሳል እንጂ እንደዚህ ልጅ ዳይፐሩን አያርስም። የሽንት ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ የሚነከር መመርመሪያ ወረቀት) ስኳር ካሳየ የደም ስኳር ወዲያው ይለካ፤ ደሙ ልክ ከሆነ ስኳር በሽታ አይደለም፣ የሚያፈሰው ኩላሊቱ ነው። የዓይን ሐኪም በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ) ክሪስታሉን ያየዋል፤ ከ16 ወር በፊት ግን ዓይኑ ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል ያ ብቻ አያስተማምንም። ማረጋገጫው በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ሲስቲን መለካት ነው።

መድኃኒቱ ሲስቲአሚን ነው። ላይሶዞም ውስጥ ገብቶ ሲስቲንን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ግማሽ ከራሱ ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቆ፣ ላይሲን የተባለ ሌላ የፕሮቲን ቁራጭ በሚወጣበት ሌላ በር ሾልኮ ይሄዳል። መደበኛው ዓይነት በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፣ ሌሊትም ጭምር። ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ይተኛ ብለው የሌሊቱን ሲያስቀሩ ሲስቲኑ እስኪነጋ መልሶ ይሞላል። ትንፋሽና ላብ ስለሚያሸት ልጆች ይጠሉታል፤ ከዝቅተኛ መጠን ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ማድረግ ትውከቱን ይቀንሳል። የዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን (ኮርኒያ) የደም ሥር ስለሌለው የሚዋጠው አይደርሰውም፤ ለብቻው ጠብታ ያስፈልገዋል።

ሳይታከም የቀረ ልጅ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት አካባቢ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። የሚተከልለት ኩላሊት የለጋሹ ሕዋስ ስለሆነ ሲስቲን አያጠራቅምም፤ ዓይኑ፣ ታይሮይዱና ጡንቻው ግን ማጠራቀማቸውን ይቀጥላሉ፣ ስለዚህ ሲስቲአሚኑ ከንቅለ ተከላው በኋላም አይቋረጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም