«አይቻልም» የሚለውን በወረቀት ስጡኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በሥራ ላይ ጉዳት ስለሚደርስባቸው ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። «ሠራተኛው መብቱን አያውቅም» የምትለዋ ላይ ግን አልስማማም። እኔ መብቴን አውቃለሁ። የአዋጁን ቁጥር ሳይቀር አውቃለሁ። ያጣሁት ወረቀት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ከረጢት እሰፋ ነበር። ዱቄቱ ከላይ ይወርዳል፣ ልጆቹ ከረጢት ይሞላሉ፣ የተሞላው በቺንጋ እየተንሸራተተ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ አፉን አጥፌ ለማሽኑ አቀብላለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ከረጢት ተጣሞ መጣ። ላቃናው እጄን ስሰድ ቺንጋው ከሮለሩ ጋር አጣብቆ ያዘኝ። ከቀኝ እጄ ሌባ ጣቴና መሃል ጣቴ ሄዱ። አውራ ጣቴ ተርፏል፣ ግን አይታጠፍም።

ሐቅ ሐቁን ለመናገር፣ በሕክምናው ፋብሪካው አላስቸገረኝም። ሁሉንም ከፍሏል። ደመወዜንም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉውን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ግማሹን ሰጥቶኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከዚህ እንዳያንስ ነው የሚለው። አንድ አለቃ ብቻ «ጓንት ስላላደረግሽ ነው» ብሎ ሊያላክክብኝ ሞክሮ ነበር። የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ጓንቱ ራሱ እጅ እንደሚያስይዝ የማያውቅ አለቃ! ደግሞስ በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ያደረሰው ጉዳት ካልሆነ በቀር።

ጣጣው የመጣው ከቦርድ በኋላ ነው። የሕክምና ቦርድ ቀረብኩ፣ እጄን አገላብጠው አዩ፣ ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው። «ከከባድ ሥራ ተቆጥባ ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለች።» ከሥሩ ማኅተም። በቃ።

ይህን ይዤ ፋብሪካ ሄድኩ። «እኛ ጋ ቀላል ሥራ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ቀላል ሥራ ያለው ቢሮ ነው፣ ቢሮው ደግሞ ሰው ሞልቶታል። ተሰናበትኩ። ያንኑ ወረቀት ይዤ የጉዳት ክፍያ ወደሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት አቀናሁ። እዚያ ያለው ሰውዬ አነበበና «መሥራት ትችላለች ይላል እኮ፤ አይቻልም» አለኝ። ፋብሪካው አትችይም ብሎ ያሰናበተኝ፣ ይሄኛው ትችያለሽ ብሎ የመለሰኝ በአንድ ወረቀት ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሁለት ዓይነት ክፍያ ያውቃል። የመሥራት ችሎታው ቢያንስ 10 በመቶ የቀነሰና ከእንግዲህ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት የማይችል ሰው በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል። 10 በመቶና ከዚያ በላይ ተጎድቶ ግን መሥራት የሚችለው ደግሞ አንዴ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አለው። እንግዲህ «መሥራት ትችያለሽ» ለወርሃዊው አበል መልስ ሊሆን ይችላል። ለዳረጎቱ ግን እንዴት መልስ ይሆናል? ዳረጎት የተባለው ክፍያ የወጣው ተጎድቶም መሥራት ለሚችል ሰው ነው እኮ! እኔን የከለከሉበት ምክንያት የሚገባኝ ለመሆኑ ማስረጃ ነበር።

ሂሳቡም ቀላል ነው። ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ይከፈል የነበረው ደመወዝ 47 በመቶው ይወሰዳል፣ በ60 ይባዛል፣ በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። የእኔ ደመወዝ 4,000 ብር ነበር። 47 በመቶው 1,880 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 112,800 ብር ይሆናል። ጉዳቴ 20 በመቶ ነው ከተባለ 22,560 ብር፣ 40 ከተባለ 45,120 ብር አገኛለሁ። አንዷ መቶኛ 1,128 ብር ናት ማለት ነው። ቦርዱ ታዲያ ይቺን የጉዳት መቶኛ ነው ሳይጽፍ የተወው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ቢሆን የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወራት ውስጥ። ቀላል ሥራ፣ ከባድ ሥራ እያሉ መተው መጠን መወሰን አይደለም።

ይህን ሁሉ ለሰውዬው ነገርኩት። አልጮኸብኝም፣ አልተቆጣኝም፣ ጨዋ ሰው ነው። «እህቴ፣ መልሱን ነግሬሻለሁ» አለ። «እሺ፣ የነገርከኝን ጻፍልኝ» አልኩት። «ለቃል ጥያቄ ደብዳቤ አንጽፍም» አለ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ወጣሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅልኝ ጎረቤቴ ነው፤ ጋሼ እንለዋለን። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። «በአፍ የተባለ ነገር ላይ ምን ብለሽ ይግባኝ ትያለሽ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አለኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣና አጻፈኝ። ረዥም አቤቱታ አይደለም። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደተጎዳሁ፣ ምን እንደምጠይቅ፣ ምን እንዳያያዝኩ። የማይፈቀድ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ። ሁለት ኮፒ። አንዱን መዝገብ ቤት ሰጥተሽ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተሽ ተመለሺ አለኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ካሉት ማመልከቻ ጻፊዎች አንዱ ይህን ቢጽፍልኝ ኖሮ ሦስት ገጽ ሙሉ «በእግዚአብሔር ስም» እያለ ያስለምነኝ ነበር።

መዝገብ ቤት ስደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ጸሐፊዋ ፊርማዬን ፋይሉ ውስጥ ካለው የድሮ ፎርም ጋር አስተያየችው። «ፊርማሽ አይመሳሰልም» አለችኝ። የድሮውን የፈረምኩት በቀኝ እጄ ነዋ! አሁን የምጽፈው በግራ ነው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ነበር የምይዘው። አወጣሁና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት። ልጅቷ ደነገጠች። «ይቅርታ እናቴ፣ ግን ፋይሉ ላይ ያለው ይሄኛው ነው» አለች። ተመካከሩ፣ ስልክ ተደወለ። በመጨረሻ የግራ አውራ ጣቴን ቀለም ነክራ በአሻራ አስፈረመችኝ። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው በጣቴ ፈረምኩ። ኮፒዬ ላይ ግን ማኅተሙ አረፈልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ማኅተም ያለበት ኮፒ ይዘሽ ስትመጪ «ነግሬሻለሁ» የሚልሽ የለም። ጥቂት ተመላልሼ ደብዳቤው ወጣ። ሁለት መስመር ነው። የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ስላልተገለጸ ጥያቄሽን ለማስተናገድ አልተቻለም ይላል። አያችሁ? በአፍ የተነገረኝ ምክንያት ሌላ፣ በወረቀት የወጣው ሌላ። «መሥራት ትችያለሽ» የሚለው ጠፋ። ሲጻፍ እንደማያስኬድ ጸሐፊውም ገብቶታል።

እምቢታ ነው፣ ግን እጄ ላይ ያለ እምቢታ ነው። በእሱ የምሄድበት ቦታ አለኝ። ይዤው ሆስፒታል ተመለስኩ፣ ቦርዱ መቶኛውን እንዲጽፍ በደብዳቤ ጠየቅሁ፣ ተቀበሉኝ። በክፍያው ውሳኔ ቅር ካለኝ ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለ። እዚያ ግን «ሰውዬው እንዲህ አለኝ» ተብሎ አይገባም፤ የሚቀርበው ውሳኔ ነው።

ይህንን እኔ የፈጠርኩት መብት እንዳይመስላችሁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሆንና ምክንያቱን እንዲይዝ ያዛል። ሕጉ አለ። መስኮቱ ጋ ሲደረስ ነው የሚተነው።

አዳማ የፋብሪካና የከባድ መኪና ከተማ ናት። የጅቡቲ መንገድ በመሃላችን ያልፋል። ጋራዥ ውስጥ ዓይኑን ያጣ፣ ጭነት ሲያወርድ ወገቡ የተሰበረ፣ ስንቱን አውቃለሁ። የሰፈሬ ልጅ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ጡረታም አልተቆረጠለትም። ጡረታ የማይሸፍነው ሠራተኛ ካሳውን የሚጠይቀው አሠሪውን ነው። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ከዚያ ካነሰ እንደ ጉዳቱ መጠን። ባለመኪናው «ቆይ፣ እናስብበታለን» እያለ ያመላልሰዋል። ከአሠሪ የሚጠየቅ ክፍያ በአንድ ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ሊታገድ እንደሚችል የነገረው ሰው የለም። «ቆይ» የሚባለውም በአፍ ነው። እሱንም ወደ ጋሼ ልኬዋለሁ።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ስታገኙ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። የቦርድ ወረቀት ላይ ለመቶኛው የተለየ ቦታ ለምን አይታተምም? መስኮት ላይ የሚቀመጥ፣ ግማሽ ገጽ የሚሆን የእምቢታ ቅጽስ ለምን አይኖርም? የጠያቂው ስም፣ ምክንያቱ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ፣ ቀን፣ ፊርማ። ሰውዬው ለእኔ ለማስረዳት ከፈጀበት ጊዜ ባነሰ ይሞላል።

እኔ የቦርዱን ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። መቶኛው ሲወጣ አነሰብኝ ብዬ እከራከር ይሆናል፣ እሱን ያኔ እናያለን። ጉዳዬ ገና እነሱ እጅ ላይ ስለሆነ ስሜን አታውጡብኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ