ኮዱ «ቁረጡት» አይልም፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ሚኒስትር፣

እንደምን ከረሙ። አዳማ የምሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ብዙ ሳላዞር ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚ ከተማ (ሌላም ቦታ ያው ነው) አንድ ልማድ ሥር ሰዷል፣ አሮጌ የቤንዚን መኪና ቼክ ኢንጅን (የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) አብርቶ ይመጣል፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ይሰካል፣ ፒ0420 የሚል የብልሽት ኮድ ይወጣል፣ ከዛ ግራይንደር (የብረት መቁረጫ) ይነሳና ካታላይዘሩ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለው መርዛማ ጋዝ የሚያጣራው ዕቃ፣ ተቆርጦ በቦታው ባዶ ቱቦ ይበየዳል። አለቀ። ባለቤቱም ከፍሎ አመስግኖ ይሄዳል።

ግን እኮ ኮዱ ቁረጡት አይልም። የሚለው የካታላይዘሩ የማጣራት ብቃት ከተቀመጠለት ልክ በታች ሆኗል ነው፣ እሱንም ኮምፒውተሩ በቀጥታ አያየውም፣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች አወዳድሮ ነው የሚገምተው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሲዋዥቅ የኋለኛው 0.6 ወይ 0.7 አካባቢ ረግቶ ከቆመ ካታላይዘሩ ደህና ነው፣ የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ አብሮ ከዘለለ ያኔ መጠርጠር ይጀመራል (ከፊት ኤር ፉዌል ሴንሰር የሚባል ሌላ ዓይነት ሴንሰር ያላቸው ላይ የፊተኛው ንባብ ስለሚለይ በዚ ቁጥር አይፈረድም)። መጠርጠር ነው ያልኩት። ጭስ ማውጫው ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ቀዳዳ ካለው አየር ስቦ ንባቡን ያበላሸዋል፣ ካንዴላ ወይ ኮይል ደክሞ ሚስፋየር ካለ (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በትክክል ካልተቀጣጠለ) ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዛው ይቃጠልና ውስጡን ያቀልጠዋል፣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ያለቀ ሞተር ደግሞ ዘይት እየበላ ቅሪቱን ይለጥፍበታል። ስለዚ ካታላይዘሩ የእውነት ቢሞት እንኳ ብዙ ጊዜ ገዳዩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እሱን ሳይዙ አዲስ መግጠም ብር መድፋት ነው።

በቅርቡ አንድ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሌላ ጋራዥ «ይቆረጥ» ተብለው ስላልተዋጠላቸው በፈረንጆቹ የ2003 ሞዴል ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ እየው» አሉኝ። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ አስነስቼ የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ትንሽ አፈን ሳደርገው ማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቱቦ) ጋር ጠጠጠ የሚል ድምፅ ጎላ፣ ጠጋ ብዬ ሳይ ጋስኬቱ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው) ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት። ጋስኬት ተቀየረ፣ ኮዱ ጠፋ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ ነድተው ሲመለሱ የካታላይዘሩ ሞኒተር (ኮምፒውተሩ እየተነዳ ራሱ የሚያደርገው ፍተሻ) ተሟልቷል፣ ኮዱም አልተመለሰም። አንድ ጋስኬት ነው እንግዲ!

ለምን ቶሎ ይቆረጣል ብለው ቢጠይቁኝ ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች አሉ፣ ገዢም አለ። ለባለመኪናው ግን እንደ ተበላሸ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ነው የሚነገረው፣ የተቆረጠው ዕቃ የት እንደገባ የሚጠይቅም ብዙ የለም። ሁሉም መካኒክ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም፣ ብዙዎቹ ከአለቆቻቸው ሲያዩ ያደጉት ይሄንኑ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ብልጥ ነው፣ የካታላይዘሩን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ቆርቆሮውን መልሶ ይበይደዋል፣ የኋላውን ሴንሰር በስፔሰር (በማራቂያ ቁራጭ) ከጭሱ ያርቀውና መብራቱ ይጠፋል፣ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ሙሉ ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፣ መናኸሪያ ጋር ታክሲ የሚጠብቀው ሰው በምን ያውቃል? (ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው ከባድ መኪና ዲዝል ስለሆነ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ወደ እርስዎ የጻፍኩት ለምንድነው፣ የተሽከርካሪ ምርመራ በአዋጅ 681/2002 የተደነገገ ነገር ነው፣ እኔ ግን መኪና ይዤ በገባሁበት ጣቢያ ፍሬንና መብራት ሲታይ እንጂ ስካነር የሰካ ሰው አላየሁም። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተወስኗል፣ ኤሌክትሪክ መኪናው ይምጣ ደስ ይለናል፣ ግን ያሉት ኮሮላና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፣ ስለዚ የነሱ ጭስ ሊረሳ አይገባም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ጋራዥ ካታላይዘር ከመንካቱ በፊት የሁለቱን ሴንሰር ንባብና ጭስ ማውጫው ቀዳዳ እንዳለው የታየበትን ምርመራ ውጤት በወረቀት ለባለመኪናው ይስጥ፣ የወጣው ዕቃም የባለመኪናው ስለሆነ በእጁ ይመለስለት። ገዢዎቹ ከማን ምን እንደገዙ እንዲመዘግቡ ይገደዱ፣ ይሄ ብቻውን ግማሹን ግራይንደር የሚያስቀምጥ ይመስለኛል። ምርመራ ጣቢያ ላይ ደግሞ የጭስ ጋዝ ይለካ፣ ስካነር ይሰካ፣ ሲሰካም ኮድ የለም ተብሎ ብቻ አይታለፍ፣ ምክንያቱም ባትሪ ነቅሎ ኮድ አጥፍቶ መምጣት ቀላል ነው፣ ሞኒተሮቹ ካልተሟሉ ነድቶ ይመለስ ይባል። ከዚ በፊት የተቆረጠባቸው ሰዎች ግን ባንድ ጊዜ ከመንገድ እንዳይወጡ ጊዜ ይሰጣቸው፣ አብዛኞቹ ምን እንደተወሰደባቸው እንኳ አያውቁም።

ለመርማሪዎች ሥልጠና ባለሙያ የለም እንዳይባል አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፣ ሙከራውም እዚሁ ከተማ ይጀመር። የተቆረጠ ካታላይዘር ለማሳያ ከተፈለገ እኔ ጋር መምጣት ይቻላል፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ከበቂ በላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዳማ መኪና ኤሌክትሪሺያን